ዳሽካሙ ባትሪዬን እየጨረሰብኝ ነው፣ ምን ይሻላል?

የማታ ፈረቃ፦

ሰላም ናችሁ። የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ። መኪናዬ ላይ የፊትና የኋላ ዳሽካም (መንገዱን የሚቀርጽ የመኪና ካሜራ) አስገጥሜያለሁ። መኪናዋ ቆማም እያለች እንዲቀርጽ ስለፈለግኩ ኃይሉን የሚያገኘው ከሲጋራ መለኮሻው ሳይሆን በባለ ሶስት ገመዱ ኪት (ካሜራውን ከመኪናዋ ኤሌክትሪክ ጋር በሚያገናኘው ማያያዣ) ከፊውዝ ሳጥኑ ነው። መኪናዋ የምታድረው ውጭ ነው። አንድ ጊዜ ቆማ ባለችበት አንዱ የኋላ በሯን አጎድጉዶ፣ ምንም ሳይል ወረቀት እንኳ ሳይተው ሄዷል። ካሜራውን የገዛሁት ለዚህ ስለሆነ «ማታ ማታ ይነቀል» የሚል መልስ ባትሰጡኝ ደስ ይለኛል።

ችግሩ እንዲህ ነው። ሥራ ቦታዬ ቅርብ ነው፣ ቢበዛ ሩብ ሰዓት ያስነዳል። ሄጄ አቆማታለሁ፣ ስመለስ ሌላ ሩብ ሰዓት፣ ከዚያ ቆማ ታድራለች። በሥራ ቀናት ትንሽ ታቃስትና ትነሳለች። ከእረፍት ቀን በኋላ ግን ቁልፉን ሳዞር ጠቅ ጠቅ ጠቅ ብቻ። የክሩስኮቱ መብራት ብልጭ ይልና ይደክማል፣ ከዚያ ጃምፕ የሚያደርግልኝ (ከሌላ መኪና ባትሪ በገመድ የሚያስነሳልኝ) ሰው ፍለጋ ነው።

ባትሪው የሚይዘው 60 አምፔር ሰዓት ነው፣ ሁለት ዓመት አልሞላውም። ኪቱ 12.0 ቮልት ሲደርስ ካሜራውን እንዲያቋርጥ ተደርጓል። ካቋረጠ ታዲያ ለምን አትነሳም? ተለቅ ያለ ባትሪ ልግዛ? ወይስ ጠዋት ጠዋት አስር ደቂቃ ቆማ ብትሞቅ ይበቃል? መስታወት ሥር የሚቀመጥ ትንሽ ሶላር አለ ያለኝም ሰው አለ።

ፊውዝ 10፦

ወንድሜ ባትሪ ለመግዛት አትቸኩል፣ መጀመሪያ ሂሳቡን እንስራው።

ባለ ሁለት ካሜራ ዳሽካም ሙሉ በሙሉ ሲቀርጽ 5 ዋት አካባቢ ይበላል። በ12 ቮልት ስታካፍለው 0.4 አምፔር ገደማ ይመጣል። ትንሽ ይመስላል። ግን 0.4 በ24 ሰዓት ሲባዛ 10 አምፔር ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። መኪናዋ ራሷም ተቆልፋ ትበላለች፣ አላርሙ፣ የሪሞቱ መቀበያ፣ ሰዓቱ፣ ኮምፒውተሩ። ጤነኛ መኪና ላይ ይሄ ከ50 ሚሊ አምፔር (0.05 አምፔር) በታች ነው መሆን ያለበት። በቀን ቢበዛ 1.2 አምፔር ሰዓት ማለት ነው፣ ከካሜራው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት።

አሁን ገቢውን ተመልከት። መሄጃና መመለሻ ተደምሮ ግማሽ ሰዓት። ዲናሞው ላይ 90 ወይም 120 አምፔር ተብሎ ቢጻፍም ያ ሁሉ ባትሪው ውስጥ አይገባም፤ መብራቱም፣ ፋኑም፣ ሞተሩ ራሱም ከዚያው ነው የሚወስዱት፣ ባትሪው ደግሞ የሚቀበለው በራሱ አቅም ልክ ነው፣ እየሞላ ሲሄድ መቀበሉንም እየቀነሰ ይመጣል። በአማካይ 10 አምፔር ገባ እንበል፣ በግማሽ ሰዓት 5 አምፔር ሰዓት። ወጪ ከ10 በላይ፣ ገቢ 5። በቀዳዳ እንስራ ውሃ እየቀዳህ ነው።

ሞተሪኖው (ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሳው) ነው ባትሪ የሚጨርሰው የሚሉ አሉ። እሱ እንኳ ብዙም አይደለም። 200 አምፔር ቢስብም የሚስበው ለሁለት ሰከንድ ያህል ስለሆነ ሲሰላ 0.1 አምፔር ሰዓት ገደማ ነው። ካሜራህ ያንን በሩብ ሰዓት ይበላዋል።

ስለ 12.0ው ደግሞ፣ ኪቱ ሥራውን ሠርቷል፣ ችግሩ የተነገረው ቁጥር ነው። የተለመደው ባለ አሲድ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ወይም 12.7 ከሆነ ሙሉ ነው። 12.4 ሶስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ። ስለዚህ ካሜራው የሚጠፋው ባትሪው ውስጥ ሩብ ሲቀር ነው። ከዚያ መኪናዋ የራሷን መብላት ትቀጥላለች፣ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል፣ ጠዋት ሞተሪኖው የሚፈልገውን ጉልበት ከየት ያምጣ? ዛሬውኑ ወደ 12.4 አሳድገው። ካሜራው ቀደም ብሎ መጥፋቱ አይቀርም፣ መኪናዋ ግን ትነሳለች።

የቀሩትን በአጭሩ። ተለቅ ያለ ባትሪ፦ ጉድለቱን አይሞላውም፣ መኪናዋ የማትነሳበትን ቀን ትንሽ ወደፊት ይገፋዋል እንጂ። አስር ደቂቃ ቆሞ ማሞቅ፦ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ዲናሞው የሚሰጠው ትንሽ ነው፣ ነዳጅ ማቃጠል ነው። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ከሆነማ ጭሱ ሰው ይገድላል፣ በጭራሽ እንዳይሞከር።

የማታ ፈረቃ፦

ሃሃ እህትህ ነኝ፣ ግን ግድ የለም። ሂሳቡ ገብቶኛል፣ እንዲህ ቁጭ አድርጎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። 12.4 አደርገዋለሁ። ግን በዚህ ሂሳብ ከሆነ ማታ እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ካሜራው ሊጠፋ ነው ማለት ነዋ?

ነጻ አስተያየት፦

ካሜራው የራሱ ባትሪ የለውም እንዴ? በሱ አይሠራም?

ፊውዝ 10፦

ይቅርታ እህቴ። @ነጻ አስተያየት፦ አንዳንዱ ውስጥ ትንሽ ባትሪ አለ፣ አብዛኛው አዲሱ ግን ሱፐርካፓሲተር (ለአጭር ጊዜ ኃይል የሚይዝ ዕቃ) ነው ያለው፣ ሙቀት ስለሚችል። ሁለቱም ኃይል ሲቋረጥ የመጨረሻውን ፋይል ዘግቶ ለማስቀመጥ ያህል እንጂ ሌሊቱን ለመቅረጽ አይደሉም።

ቀይና ቢጫ፦

ፊውዝ 10 ያለው ልክ ነው። ግን ሁሉም ሰው ወደ ሂሳብ ከመሄዱ በፊት ገመዱን ያየ አለ? እኔ ይሄን ነገር ለጓደኞቼ ስገጥም የማየው ትልቁ ችግር እዚያ ነው።

ሶስቱ ገመዶች ብዙ ጊዜ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ናቸው (ያንቺ ኪት ቀለሙ ከተለየ ወረቀቱን እይ)። ቢጫው ሁልጊዜ ኃይል ካለው ፊውዝ ነው የሚገናኘው። ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል ከሚያገኝ ፊውዝ። ጥቁሩ ማሳ ነው፣ ከቦዲው ብረት ጋር ይታሰራል። ካሜራው ሞተር መጥፋቱን የሚያውቀው በቀዩ ገመድ ነው። ቀዩ ላይ ኃይል ሲቋረጥ «አሃ ቆመናል» ብሎ ወደ ፓርኪንግ ሞድ ይገባል። አሁን ገጣሚው ቸኩሎ ቀዩንም ሁልጊዜ ኃይል ካለው ፊውዝ ላይ ሰክቶት ቢሆንስ? ካሜራው ሌሊቱን ሙሉ መኪናዋ እየሄደች ይመስለዋል። ሁለቱንም ካሜራ በሙሉ ጥራት፣ በሙሉ ፍጥነት ይቀርጻል። አንዳንዱ ኪት ላይ ደግሞ ቀዩ ኃይል እስካለው ድረስ የቮልት ማቋረጫውም አይሠራም።

ለማጣራት ቀላል ነው። ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ያዢ፣ 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጊው። ጥቁሩን ጫፍ ቀለም የሌለው ብረት ላይ፣ ቀዩን ጫፍ የካሜራው ቀይ ገመድ የተሰካበት ፊውዝ ጀርባ ላይ ካሉት ሁለት ትንንሽ ነጥቦች በአንዱ ላይ። ሞተር አጥፊ፣ ቁልፍ አውጪ፣ በሩን ዘግተሽ ቆልፊና ጠብቂ። አንዳንድ መኪና ከተቆለፈ በኋላም ለተወሰነ ደቂቃ ኃይሉን አያቋርጥም፣ ስለዚህ ወዲያው 12 ስላየሽ አትደንግጪ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶም 12 ምናምን ካለ ፊውዙ ተሳስቷል።

ፊውዝ ሳጥኑ ጋ ስትደርሺ ደግሞ ፊውዝ ታፑ (ገመዱን ከፊውዝ ጋር የሚያገናኘው መሰኪያ) የተሰካው ከምን ላይ እንደሆነ እይ። ኤርባግ ወይም ኤቢኤስ (የፍሬን መቆጣጠሪያ) ላይ ከሆነ ዛሬውኑ ይውጣ።

ፀሐይ ወዳድ፦

ሶላሩን ለምን ዘለላችሁት? 10 ዋት ሶላር 5 ዋት ካሜራ አይችልም? እጥፍ ነው እኮ።

ቀይና ቢጫ፦

10 ዋቱ የተጻፈው ፀሐይ ቀጥ ብላ ስትመታው ነው። አንተ የምታስቀምጠው ክሩስኮት ላይ ጋደም አድርገህ፣ ከመስታወት ጀርባ፣ በከፊል ጥላ ውስጥ። ከዚያ ላይ 2 ወይም 3 ዋት ካገኘህ ጥሩ ነው። ለአምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ብታገኝ 1 አምፔር ሰዓት አካባቢ ነው የሚሞላልህ። መኪናዋ ተቆልፋ የምትበላውን ይተካል፣ ለካሜራው ግን አይደርስም። ሌላም ነገር አለ፣ የሶላሩ ገመድ ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካ ከሆነና ሶኬቱ ቁልፍ ሲወጣ የሚጠፋ ከሆነ ባትሪው ጋ ምንም አይደርስም። ጣራ ላይ የሚታሰር ትልቅ ሶላር ሌላ ጨዋታ ነው።

የማታ ፈረቃ፦

ለካሁት! ቀዩ ገመድ ያለበት ፊውዝ መኪናዋ ተቆልፋ ግማሽ ሰዓት ካለፈም በኋላ 12.5 ይላል። ማለትም ካሜራው አንድም ቀን ፓርኪንግ ሞድ ገብቶ አያውቅም። እኔ ደግሞ ሌሊት ሌሊት የምታበራዋን ሰማያዊ መብራት ሳይ እየጠበቀልኝ ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ሰፈር ያለ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሻን የሚስበውንም ለካልኝ። ከካሜራው ጋር 0.41 አምፔር፣ የካሜራው ፊውዝ ሲነቀል 0.03። ቀዩን ወደ ሲጋራ መለኮሻው ፊውዝ አዛወረውና ሲለካ 0.25 ሆነ፣ ካሜራውም «ፓርኪንግ ሞድ» ብሎ ተናገረ። ገጣሚው እንዲህ ሠርቶ ገንዘብ መቀበሉ ነው የገረመኝ።

0.25 ግን አሁንም ብዙ አይደለም?

ፊውዝ 10፦

0.03ው ደስ የሚል ቁጥር ነው፣ መኪናሽ ጤነኛ ነች፣ የሚፈሰው በካሜራው በኩል ብቻ ነው። 0.25 ማለት በቀን 6 አምፔር ሰዓት ነው። ከ10ው ይሻላል፣ አሁንም ግን ከገቢሽ ትንሽ ይበልጣል።

አሁን ሜኑው ውስጥ ግቢ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ታይም ላፕስ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ፎቶ እያነሳ የሚያያይዘው፣ ኃይል የሚቆጥብ ይመስላቸዋል። እሱ የሚቆጥበው ሜሞሪ ካርድ ነው። ሌንሱም ፕሮሰሰሩም ነቅተው ነው የሚያድሩት፣ ስለዚህ ከባትሪ የሚወስደው ያን ያህል አይቀንስም። እንቅስቃሴ ሲያይ የሚቀርጸውም ያው ነው፣ እንቅስቃሴ ለማየት መንቃት አለበት። በእውነት የሚቆጥበው ካሜራው ተኝቶ መኪናዋ ስትነካ ብቻ የሚነቃበት ሞድ ነው። እዚያ ላይ የሚስበው ጥቂት ሚሊ አምፔር ነው፣ ለሳምንት ብትቆሚ እንኳ አያሳስብሽም። ጉዳቱ፣ ለመንቃት ትንሽ ጊዜ ይወስድበታል፣ ስለዚህ የግጭቱን ቅጽበት ሳይሆን ከዚያ በኋላ ያለውን ነው የምታገኚው። ገጭቶ የሚሸሸውን ሰው ሰሌዳ ብዙ ጊዜ ይይዘዋል፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

እኔ ብሆን ቀን ሥራ ቦታ የሚጠብቅ ሰው ካለ ካሜራውን ቀን አጠፋዋለሁ፣ ማታ በእንቅስቃሴ እንዲቀርጽ አደርጋለሁ። ይሄ ብቻውን ወጪሽን በግማሽ ገደማ ይቆርጠዋል። ረዘም ላለ ጊዜ የምትቆሚ ከሆነ ደግሞ የሚተኛውን ሞድ።

ሁለተኛ ባትሪ፦

እኔ የምለው፣ ሰው ለምን ይሰቃያል? ለዳሽካም ተብሎ የሚሠራ የሊትየም ፓክ አለ። ወንበር ሥር ይቀመጣል፣ ስትነጂ ይሞላል፣ ስትቆሚ ካሜራው ከሱ ይበላል። የመኪናዋን ባትሪ ጭራሽ አይነካም። ፓኩ ካለቀ ካሜራው ይጠፋል፣ መኪናዋ ግን ሁልጊዜ ትነሳለች። የኔ ሌሊቱን ሙሉ ይዞ ያድራል።

ፊውዝ 10፦

ጥሩ ነገር ነው፣ አልቃወምም። ግን ለሷ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። አብዛኛው ፓክ ከባዶ ለመሙላት አንድ ሰዓት አካባቢ መንዳት ይፈልጋል። እሷ የምትነዳው በሁለት የተከፈለ ግማሽ ሰዓት ነው። ስለዚህ ግማሽ ፓክ ይዛ ታድራለች ማለት ነው። የመኪናዋ ባትሪ መዳኑ ትልቅ ነገር ነው፣ እሱ ላይ እስማማለሁ።

ሁለተኛ ባትሪ፦

ልክ ነህ፣ እኔ ረጅም መንገድ ነው የምነዳው። ሁለት ነገር ልጨምር ለሚገዛ ሰው። ፓኩ ሲሞላ 7፣ 8፣ 9 አምፔር ሊስብ ይችላል፣ ስለዚህ ለካሜራ በተሠራ ቀጭን ገመድና ባገኙት ፊውዝ ላይ አይሰካም፣ በወፍራም ገመድ ከነፊውዙ ከባትሪው ማምጣት ነው የሚሻለው። ሁለተኛ፣ ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለው የፓክ ዓይነት ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ መሞላት የለበትም። ደህናው ፓክ ራሱ ይከለክላል፣ ርካሹን አላምነውም። መስታወት ሥር ፀሐይ ላይም አይቀመጥም።

አሮጌ ዲናሞ፦

ልጆች ሁላችሁም ስለ ካሜራው ታወራላችሁ፣ ስለ ባትሪው ማን ይናገር?

ልጄ፣ ያንቺ ባትሪ ለስንት ጊዜ ባዶ ሆኖ እንዳደረ አስቢው። ባለ አሲድ ባትሪ ባዶ ሆኖ ሲቆይ ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርበታል። ቶሎ ከተሞላ ይሟሟል፤ ከቆየ ይጠነክርና አይመለስም። ያኔ 60 ተብሎ የተጻፈበት ባትሪ 40ም 35ም ይሆናል፣ ቮልቱ ሲለካ ግን 12.6 ብሎ ያታልልሻል። ብዙ ሰው ቴስተር ይዞ «ሙሉ ነው» ይልሃል፣ ቁልፍ ሲዞር ግን የለም። ስለዚህ ገመዱን ማስተካከልሽ ጥሩ ነው፣ ቀጥሎ ባትሪውን በደንብ ሙይውና በጭነት አስለኪው። ሞተሪኖ ሲዞር ቮልቱ ምን ያህል እንደሚወርድ ማየት ነው። ባትሪው ሞልቶ፣ አየሩም ሳይቀዘቅዝ፣ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ተጎድቷል፣ ካሜራው ቢነቀልም ያስቸግርሻል።

በደንብ ሙይው ስል በመንዳት አይደለም። በመንዳት እስከ 80 ከመቶ ቶሎ ይደርሳል፣ የመጨረሻዋ 20 ከመቶ ግን ሰዓታት ትፈልጋለች፣ አንቺ ደግሞ ያን ሰዓት ነድተሽ አታውቂም። ስለዚህ ቻርጀር። ራሱን የሚቆጣጠር፣ 4 ወይም 5 አምፔር የሆነ፣ ሲሞላ ራሱ የሚቀንስ። ማታ ሰክተሽ ጠዋት ትነቅያለሽ። በወር ሁለቴ እንዲህ ብታደርጊ በአጭር መንገድ የሚቀረውን ሁሉ ይክስልሻል። ባትሪሽ ኤጂኤም (አሲዱ በመስታወት ጭረት ምንጣፍ ውስጥ የተያዘበት) ከሆነ ቻርጀሩ ላይ እሱን መምረጥ አትርሺ። በየትራፊክ መብራቱ ራሷ ሞተር የምታጠፋ መኪና ከሆነች ኤጂኤም ወይም ኢኤፍቢ (የተጠናከረ ባለ አሲድ ባትሪ) ነው የሚሆነው፣ በተራ ባትሪ እንዳትቀይሪው።

ተርሚናሎቹንም እያቸው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ፣ ወይም በእጅ ሲነቀነቅ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ዲናሞው የቱንም ያህል ቢሰጥ በደንብ አይገባም። ሞተር እየሠራ ባትሪው ላይ ስትለኪ ከ13.8 እስከ 14.7 መሆን አለበት። አዲሶቹ መኪኖች አንዳንዴ ሆን ብለው ዝቅ ያደርጉታል፣ እሱ ሌላ ነው።

የማታ ፈረቃ፦

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። ውጭ ስለምታድር ሶኬት የለኝም፣ ግን እናቴ ጋ ስሄድ ግቢ ውስጥ ነው የማቆማት፣ እዚያ ገመድ ይደርሳል። ቻርጀር እገዛለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ኔጌቲቩ ተርሚናል ላይ ትንሽ ፕላስቲክ ሳጥን አለ፣ ቀጭን ገመድ ይወጣለታል። የቻርጀሩን ጥቁር መቆንጠጫ እሱ ላይ ነው የማስረው? ደግሞ ባትሪውን መንቀል አለብኝ?

አሮጌ ዲናሞ፦

መንቀል አያስፈልግም፣ ብትነቅዪው ሰዓትሽም ሬዲዮሽም ይጠፋል፣ ጥቅም የለውም። ያ ሳጥን ሴንሰር ነው፣ ወደ ባትሪው የሚገባውንና የሚወጣውን ይቆጥራል። ጥቁሩን መቆንጠጫ ባትሪው ምሰሶ ላይ በቀጥታ ካሰርሽው የገባው ቻርጅ በሴንሰሩ በኩል አያልፍም፣ መኪናዋም ባትሪው መሙላቱን አታውቅም። ከኮፈኑ ሥር ቀለም ያልተቀባ ወፍራም ብረት ፈልጊ፣ ብዙ መኪና ላይ ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ ቡሎን አለ። መጀመሪያ ቀዩን ፖዘቲቩ ላይ፣ ከዚያ ጥቁሩን እዚያ ብረት ላይ፣ ከዚያ ቻርጀሩን ግድግዳው ላይ። ስትፈቺ ከግድግዳው ጀምረሽ ወደ ኋላ። ኮፈኑን ገርበብ አድርጊው፣ ባትሪ ሲሞላ ጋዝ ያወጣል፣ አጠገቡ ሲጋራ አይጨስም።

ቀይና ቢጫ፦

ካሜራውንም ያን ሌሊት ፊውዙን ንቀዪለት። ቻርጀሩ ካሜራው የሚበላውን እንደ ባትሪ ረሃብ ቆጥሮ ሲሞላ እንዳያድር።

የማታ ፈረቃ፦

እሺ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ በፓርኪንግ ጊዜ የኋላውን ካሜራ ብቻ ማጥፋት ይቻላል?

ፊውዝ 10፦

አንዳንዱ ሜኑ ላይ አለ፣ አንዳንዱ ላይ የለም። ከሌለ ከፊተኛው ካሜራ ጀርባ ያለችውን የኋላውን ገመድ መንቀል ነው። ግን አንቺ የተገጨሽው የኋላ በር ላይ አልነበር? እኔ ከመንቀል ማቋረጫውን 12.4 ላይ ትቼ ሁለቱም እስከቻሉ ይቅረጹ ነው የምለው።